ጨረቃ ለማየት 850 ብር፦ ከዚራ ቴራስ ላይ የተበላ የጃፓን እራት

ጨረቃ ለማየት 850 ብር ከፈልኩ ስል ሰፈር ውስጥ ያልሳቀብኝ የለም። አልፈርድባቸውም። ድሬ ላይ ጨረቃ ብርቅ አይደለችም፤ ወበቁ ሲጠና አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚያድር ሰው እስኪሰለቸው አይቷታል። ሱቄ ፊት ለፊት ባጃጁን የሚያቆመው ልጅ «አቦ ማዘር፣ እኛ ተኝተን በነፃ የምናያትን አንቺ ተቀምጠሽ ለማየት ነው የከፈልሽው?» አለኝ። ስለዚህ ሂሳቡን እዚሁ ላወራርድ፤ ከ850ው ብር የትኛው እንደተበላብኝ፣ የትኛውን ደግሞ እኔ እንደበላሁት።

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና ሙሸበክ እየጠበስኩ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሊጥ ሲባል እጄ ያውቃል። ጃፓንን ግን አላውቃትም፤ ስለ ጨረቃ ማየት በዓላቸው የምለው ከእራቱ ቤት ባለቤት ጠይቄ፣ የቀረውንም ከልጄ ጋር ተቀምጠን አንብበን ያገኘሁት ነው።

ቤቱ ከዚራ ሰፈር ነው፤ ትልልቆቹ ዛፎች መንገዱን ካለበሱበት በኩል ገባ ብሎ ያለ ባለአንድ ፎቅ። ታች እንግዳ የሚያድርባቸው ክፍሎች አሉ፣ ላይ ሰፊ ቴራስ። እስካሁን ሰሌዳ ስላልሰቀለ ስም የለውም፤ ባጃጅ ነጂዎቹ «የጃፓኗ ቤት» ይሉታል። ባለቤቷ ግን ጃፓናዊት አይደለችም። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ኦሳካ ምግብ ቤት ውስጥ ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች የድሬ ልጅ ናት። ኦሳካ መሆኑን ያዙልኝ፤ ዳንጎ የሚሉት የሩዝ ዱቄት ድቡልቡል ላይ ስንደርስ ይፈለጋል።

ምሽቱ ሰኞ መስከረም 26 ነበር። ጃፓኖች «ጁጎያ» የሚሉት ሌሊት በጥንቱ የጨረቃ አቆጣጠር የስምንተኛው ወር 15ኛ ሌሊት ነው። አገሩ እንደ ፈረንጆች በ1873 የምዕራቡን ካሌንደር ቢቀበልም ይህን በዓል ከጨረቃዋ አልነጠሉትም፤ ቀኑ በየዓመቱ ይዞራል። አምና መስከረም 7 ላይ ውሎ ነበር፣ ለከርሞ መስከረም 15 ነው። አብራኝ የሄደችው ጎረቤቴ ዘሃራ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለጋትም። እሷ በየወሩ የጨረቃዋን 13፣ 14 እና 15 ትጾማለች። «ዛሬ 14 ነው፤ መግሪብ ካለፈ በኋላ ሌሊቱ የ15 ነው» ብላ በጣቷ ቆጥራ አሳየችኝ፤ ከጃፓኖቹ ጋር ልክ ገጠመ። በእኛ በኩል ደግሞ ዕለቱ ጽጌ የሚገባበት ነበር። እኔ ጽጌን አልጾምም፤ ከጎናችን የተቀመጡት እናት ግን ይጾሙ ነበር። ይህን ሁሉ የማነሳው ለወሬ አይደለም። ግማሹ ታዳሚ ጾመኛ በሆነበት ምሽት የመጀመሪያው ምግብ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የመጣው። ዘሃራ በሦስት ተምርና በውሃ ነው የቆየችው፤ አልተናገረችም፣ ግን እኔ ፊቷን አውቀዋለሁ።

ጥሪው ላይ የተጻፈው ሰዓት ከምሽቱ 1 ነው። ይህም ሌላው ቅሬታዬ ነው። የሞላች ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፣ በዚህ ሰሞን ደግሞ ድሬ ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ሱቄን ስዘጋ ጨረቃዋ ገና በብርሃን በምሥራቅ ብቅ ብላ ነበር፤ ሰፋ ያለች፣ ፈዘዝ ያለች፣ ከቤቶቹ ጣሪያ ብዙም ያልራቀች። ቴራሱ ላይ ስንደርስ ከኤሌክትሪኩ ሽቦ አልፋ ወደ ላይ ሄዳለች። የሚታየው ነገር አወጣጧ ነበር፤ እኛ የደረስነው ከወጣች በኋላ ነው። ባለቤቷን ስጠይቃት «ሰው ከሥራ አይወጣማ» አለች። እውነቷን ነው፤ የድሬ ነጋዴ በቀትር ተኝቶ በ10 ሰዓት ሱቁን የሚከፍት ስለሆነ 11 ተኩል ላይ ዝጋ ማለት ይከብዳል። ግን ቀድሞ መምጣት ለሚችል በሩ ይከፈትለት፤ ሻይ ብቻ ቢሰጠንም እንቀመጥ ነበር። (ነገሩን አጥብቆ ለሚይዝ፣ ጨረቃዋ ልክ የሞላችው በማግሥቱ ጠዋት ነው። የበዓሉ ሌሊትና ሙሉ ጨረቃ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በሁለት ቀን መተላለፋቸው የተለመደ ነው። በዐይን ግን አይለይም።)

ከቴራሱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ጨረቃዋን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ላዩ ላይ «ሳንቦ» የሚሉት፣ ቀለም ያልነካው የእንጨት ማቅረቢያ አለ፤ ሦስት ጎኑ የተቀደደ፣ አራተኛው ድፍን። ሥዕሉን አሳይታ እዚሁ አናጢ ዘንድ ነው ያሠራችው፣ አናጢው ግን ቫርኒሽ ሳይቀባ ማስረከብ አልሆንልህ ብሎት ሁለት ጊዜ እንደተጨቃጨቁ ስትነግረን ሳቅን። በነጭ ወረቀት ላይ 15 ነጫጭ ዳንጎዎች ተደርድረዋል፦ ከታች 9፣ በላያቸው 4፣ ከጫፍ 2። 15 የሆኑት ለ15ኛዋ ሌሊት ነው።

ከጎኑ ያለው ነገር ግን ልቤን ወሰደው። ጃፓኖች በዚህ ሌሊት «ሱሱኪ» የሚባል፣ ጫፉ ብርማ ላባ የሚያወጣ ረጅም ሣር በማሰሮ ያቆማሉ። ሩዙ ገና ያልታጨደበት ወቅት ስለሆነ ሣሩ በሩዙ ዛላ ቦታ ይቆማል። ሱሱኪ እዚህ የለም። ሌላ ቤት ቢሆን ከታይዋን ገበያ የፕላስቲክ አበባ ገዝቶ ይሰካ ነበር። እሷ በደንገጎ በኩል ከሚወርዱ ገበሬዎች ገና ያልደረቀ ማሽላ ከነአገዳው አስመጥታ እንስራ ውስጥ አቆመችው። ዛላው ከብዶት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል፣ ቅጠሉ ላይ የመንገድ አቧራ አለ፣ አልታጠበም። የሐረርጌ ሰው መኸር የሚለው ማሽላን ነው፤ ሩዝ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ነው። ሱሱኪን ከጃፓን በሻንጣ ብታመጣ ኖሮ ጌጥ ይሆን ነበር። ማሽላው ግን የሣሩን ሥራ ሠራ። ከ850ው ብር 100ውን ለዚህ ሐሳብ ብቻ ሳላመነታ እሰጣታለሁ።

አሁን ወደሚያናድደው። ቴራሱ ዙሪያውን ባለቀለም አምፖሎች ተሰቅለውበታል፤ እነሱን እንኳ ልተዋቸው። ማሽላውና ዳንጎው ላይ ግን አንድ ትልቅ ነጭ ፓውዛ ተደቅኖበታል፣ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው እንዲመች። ፓውዛው ያለው ከጨረቃዋ በታች በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ቀና ያለ ሰው የሚያየው እሱን ነው። አስተናጋጁን ጠራሁት።

«የኔ ልጅ፣ ይቺን ፓውዛ ብታጠፋት?»

«እሺ ማዘር» ብሎ ሄደ። ፓውዛው እንደበራ ነው። ድጋሚ ስጠራው «ማዘር፣ ለፎቶ ነው፤ ደንበኞች ይፈልጉታል» አለኝ።

በአጠገባችን ጠረጴዛ አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ሽርጥ የለበሱ፣ ድሮ ምድር ባቡር የሠሩ መሆናቸውን ኋላ ሲያጫውቱን ነው ያወቅነው። ምንም ሳይሉ ተነሡ። ገመዱን በዐይናቸው እየተከተሉ ከአበባ ማሰሮዎቹ ኋላ ሄዱና ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ነቀሉት። ስፒከሩም በዚያው ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ኖሯል፣ ዘፈኑም አብሮ ዝም አለ። «በሉ እዩ፤ ለእሷ ነው የከፈላችሁት» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። አስተናጋጁ ወደ ማከፋፈያው ሊሄድ ሲል ባለቤቷ ከደረጃው ብቅ አለች፤ ዙሪያውን አየችና በእጇ ተወው አለችው። ለዚህ አመሰግናታለሁ። አንድም ደንበኛ ፎቶ ቀረብኝ ብሎ አላማረረም።

ዐይን እስኪለምድ ትንሽ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የማሽላው ጥላ ነጩ ግድግዳ ላይ ወጣ፣ ከዘለላው ፍሬ እስኪቆጠር። ዳንጎዎቹ በፓውዛው ስር ኖራ የተቀቡ ይመስሉ የነበሩት፣ አሁን ከላይ ነጭ ከሥር ግራጫ ሆኑ፣ ድቡልቡል መሆናቸው ታየ። ምግቡ የሚበላው ቀጥሎ ነው እንጂ በጃፓኖቹ ሐሳብ መጀመሪያ የሚቀርበው ለጨረቃዋ ነው፤ እሷ በማትታይበት ቦታ የማቅረቡ ትርጉም አልገባኝም። ይህን ባለቤቷም ሳታውቀው ቀርታ አይመስለኝም፤ ፎቶ የሚያመጣው ገበያ ነው ያሳሳታት።

ልማዱ ከቻይና የመኸር አጋማሽ በዓል የመጣ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ794 እስከ 1185 በቆየው የሄያን ዘመን የኪዮቶ መኳንንት በጀልባ ኩሬ ላይ እየተንሳፈፉ ግጥም ይገጥሙ ነበር፤ ጨረቃዋን ወደ ሰማይ አንጋጦ ከማየት በውሃው ላይና በያዙት ጽዋ ውስጥ ማየት ይወዱ ነበር ይባላል። ኪዮቶ ውስጥ ዳይካኩጂ በሚባለው ቤተ መቅደስ፣ ኦሳዋ ኩሬ ላይ፣ ዛሬም በዚህ ሰሞን ጀልባ ይወጣል። ኋላ ነገሩ ወደ ገበሬው ሲወርድ ስለ መኸሩ ምስጋና ሆነ፤ ዳንጎውና ሥራሥሩ በሰፊው የገቡትም በዚያ በኩል ነው። ለድሬ ጀልባ ከየት ይምጣ? ደቻቱ ወንዝ ያለው አሸዋ ነው፣ ውሃ ሲመጣበትም ጨረቃ የሚታይበት ዓይነት አይደለም። ባለቤቷ አንድ ሰፊ የአሉሚኒየም ሳፋ ውሃ ሞልታ መሐል ላይ አስቀምጣለች። ዘሃራ መጀመሪያ ለእጅ መታጠቢያ መስሏት ሳሙና ጠየቀች። ፓውዛው ከጠፋ በኋላ ግን ሳፋው ዘንድ ሰው ተሰበሰበ፤ ጎንበስ ስትሉ ጨረቃዋ ከውሃው ውስጥ አለች፣ ሰው ሲራመድ ወለሉ ስለሚነቃነቅ ትሰበርና ትገጥማለች። የአዛውንቱ የልጅ ልጅ ጣቱን እየነከረ ደጋግሞ ሰበራት። ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ውሃው በማግሥቱ ይደፋ። በዚህ ከተማ የደንጊንና የወባን ትንኝ በተጠራቀመ ውሃ ማሳደግ ለማን እንደሚተርፍ ሁላችንም አይተናል።

ጃፓኖች ጨረቃዋ ላይ ባለው ጥቁር ምልክት ውስጥ ሙቀጫ ላይ ሩዝ የምትወቅጥ ጥንቸል ያያሉ። ከቡድሃ ተረቶች የመጣ ነው፤ ለተራበ ሽማግሌ የምትሰጠው ያጣች ጥንቸል ራሷን እሳት ውስጥ ብትጥል፣ ሽማግሌው ለካስ አምላክ ኖሮ ጨረቃ ላይ አኖራት ይላሉ። እኔ ሙቀጫውን አገኘሁት። ጥንቸሏን አላገኘሁም።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ዳንጎ የሩዝ ዱቄት በውሃ ተለውሶ፣ በእጅ ተድቦልቡሎ፣ የሚቀቀል ነገር ነው፤ እርሾ የለው፣ ወተት የለው፣ እንቁላል የለው። ጾመኛ ያለ ሐሳብ ይበላዋል። ዱቄቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንደኛው ከተራ ሩዝ የተፈጨ፣ ሌላው ከሚያጣብቀው ሩዝ። የመጀመሪያው ብቻውን ሲሆን ጥንካሬ ያበዛል፣ ሁለተኛው ብቻውን ሲሆን ተለጥጦ ቅርጹን ይለቃል፤ ስለዚህ ይቀላቀላሉ። የሚያጣብቀውን በሻንጣ ነው ያመጣችው። ተራውን ግን እዚሁ ሩዝ አጥባ፣ አድርቃ፣ ወፍጮ ቤት ልካ አስፈጭታለች፤ በርበሬ ያልተፈጨበት ወፍጮ ማግኘት በድሬ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ስትነግረኝ እጇን ጨበጥኩት። የሊጡ መድረስ የሚለካው በጆሮ ጫፍ ነው፤ ያንን ያህል ሲለሰልስ ደርሷል ይላሉ። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሰምጣል፣ ሲበስል ይንሳፈፋል፣ ተንሳፍፎም ጥቂት ይቆይና ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል። የእኛ ቧንቧ ከሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውሃ ስለሚሰጥ በረዶ መግዛት ግድ ሆኖባታል።

ሁለት ሳህን ቀረበልን። የመጀመሪያው በቶክዮ በኩል እንደሚሠራው ክብ ነው፣ ግማሹ አኩሪ አተር ተቆልቶ ተፈጭቶ በስኳር የተነሰነሰበት፣ ግማሹ በአኩሪ አተር ሶስና በስኳር የተሠራ ወፈር ያለ መረቅ የፈሰሰበት። መረቁ ጥሩ ነው፤ ጨውና ስኳር አብረው ሲመጡ የለመደ ምላስ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይጨምራል። ዳንጎው ግን መሐሉ ደርቋል። ስነክሰው ገባኝ፤ ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ ፍሪጅ ገብቷል። የተቀቀለ ሩዝ ፍሪጅ ውስጥ ውጭ ከተተወው ፈጥኖ ይደርቃል፣ ሊጡም ያው ነው። በሠሩበት ቀን፣ ፍሪጅ ሳያይ መበላት አለበት። ለባለቤቷ ነገርኳት። አልተከራከረችም፤ ሳህኑን ወሰደች፣ የፈላ ውሃ አሳይታው ተመለሰች፣ ለሰለሰ። እንዲህ ያለች ባለቤት ያለችበት ቤት ይለመልማል።

ሁለተኛው ሳህን የኦሳካ ነው። ዳንጎው ክብ አይደለም፤ ሞላላ ሆኖ አንድ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ወገቡን በጣፋጭ የቦሎቄ ልቁጥ የታጠቀ። ኦሳካና ኪዮቶ አካባቢ ዳንጎውን በጎደሬ ቅርጽ ነው የሚሠሩት፤ ጁጎያ የጎደሬ መድረሻ ወቅት ስለሆነ ጨረቃዋንም በጎደሬው ስም የሚጠሯት አሉ። ልቁጡ በጃፓን አዙኪ ከሚባል ትንሽ ቀይ እህል ነው የሚሠራው፤ እዚህ በቀይ ቦሎቄ ሠርታዋለች። የመጀመሪያውን ውሃ ደፍታዋለች፣ ምረቱ ወጥቷል። ስኳሩን የጨመረችው ቦሎቄው ከፈረሰ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢገባ ቅርፊቱ አልበስልም ይል ነበር። ከስኳሩ ኋላ ቁንጥር ጨው አለች። ሁሉንም አላላመችውም፤ እዚህም እዚያም ያልፈረሰ ቦሎቄ ጥርስ ስር ይገኛል፣ ለእኔ እሱ ነው የጣመኝ። ዘሃራ የእሷን ጨርሳ ከእኔ ሳህን ላይ አነሣች። ይህ ሳህን ብቻውን 250 ብር ቢባል እከፍላለሁ፣ ሱቄ ውስጥ ብትልክልኝም እሸጥላታለሁ። አንቺ ልጅ፣ እየሰማሽ ነው?

ጎደሬውን ዝለሉት። ጃፓኖች ትንንሹን ጎደሬ ከነልጣጩ በእንፋሎት አብስለው በጨው ይበሉታል፤ ጫፉን ስትቆነጥሩት ሥጋው ሸርተት ብሎ ይወጣል፣ ያ ነው ጨዋታው። የእኛው ከደቡብ ተጭኖ የመጣ፣ ትልልቅ፣ ለቁራጭ የተዳረገ ነው፣ መሐሉም አልበሰለም። ጎደሬ ብስለት ሲጎድለው ጉሮሮ ያሳክካል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳጠራ ነው ያደርኩት። ሐረርጌ በስኳር ድንች ተጥለቅልቃ እያለች ይህን ያህል መድከም ለምን? ጃፓን ውስጥም ለዚህ ሌሊት ስኳር ድንች የሚያቀርቡ አሉ።

ኡዶኑ በስንዴ ዱቄት፣ በውሃና በጨው የሚሠራ ወፍራም ፓስታ ነው። ሊጡ ስለሚጠነክር በንጹሕ ላስቲክ ተጠቅልሎ በእግር ይረገጣል። ዘሃራ ይህን ስትሰማ ሹካዋን አስቀመጠች፤ ላስቲኩን አይታ ነው ያነሣችው። ጃፓን ውስጥ ትኩሱ ላይ ጥሬ እንቁላል ይሰበርበታል፣ አስኳሉ ጨረቃ፣ ነጩ ደመና እንዲሆን። እዚህ ጥሬ እንቁላል የሚበላ ስለሌለ በውሃ ለጋ አድርጋ አብስላዋለች፣ ልክ አድርጋለች፤ አስኳሉ ሲቀደድ መረቁን ያወፍረዋል። መረቁ በባሕር ቅጠልና በደረቀ ዓሣ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ጃፓኖች እንዲህ ያለው መረቅ ውስጥ ሚሪን የሚባል፣ አልኮል ያለበት የሩዝ ማጣፈጫ ይጨምራሉ። ዘሃራ ጠየቀች፣ ባለቤቷ በምትኩ ስኳር መጠቀሟን ነገረቻት። መልሱ ጥሩ ነው፤ ግን በድሬ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሜኑው ላይ መጻፍ ያለበት ነው። ጽጌ የሚጾሙት እናት ያለ እንቁላል አዘዙ። ጨረቃ የሌለበት ሳህን መጣላቸው፣ ዋጋው አልቀነሰም፣ የዓሣው ነገር ደግሞ አልተነገራቸውም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር እኔን አታስገቡኝ፤ ለሚበላው ሰው መንገር ግን ግድ ነው።

ለልጆች ደግሞ እንቁላል ያለበት በርገር አለ። ጃፓን ውስጥ ማክዶናልድስ እንደ ፈረንጆች ከ1991 ጀምሮ በየመኸሩ የጨረቃ በርገር ስለሚሸጥ ነው አሉ። የበርገር እንቁላል በድሬ ከየትም ይገኛል።

አረንጓዴው ሻይ ውድ ነው፣ ቀዝቅዞም መጣ። ከኦሳካው ዳንጎ ጋር የሚሄደው ቁጢ ይመስለኛል፤ የተቆላ የቡና ቅጠል፣ ትንሽ ጨው ጣል ተደርጎበት። ሐረርጌ ውስጥ ሆኖ ይህን አለመሞከር ያስቆጫል።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ጃፓን ውስጥ በአንዳንድ አካባቢ በዚህ ሌሊት የሰፈር ልጆች የቀረበውን ዳንጎ ሰርቀው ይወስዳሉ፤ ባለቤቱ አይቆጣም፣ እንዲያውም ደግ ምልክት ነው ብሎ ይደሰታል። ባለቤቷ ይህንን ራሷ ነገረችን፣ ለዚሁ ሲባል በር ላይ አንድ ትሪ ዳንጎ እንዳስቀመጠችም ጨምራ። እኛ ስንወጣ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ልጆቹን እያባረረ ነበር። ትሪው ሙሉ ነው። «ምን አደረጉህ?» ስለው «ሊሰርቁ ነው እኮ!» አለኝ። ለእሱ ማንም አልነገረውም። አዛውንቱ ከኋላዬ ሲወርዱ ትሪውን ብድግ አድርገው ለልጆቹ ሰጧቸው፣ ዘበኛውንም አንድ አጎረሱት።

ሁለተኛው ምሽት ጥቅምት 23 እሑድ ነው። ጃፓኖች «ጁሳንያ» ይሉታል፤ የዘጠነኛው ወር 13ኛ ሌሊት። የመጀመሪያውን አይቶ ሁለተኛውን መተው ገድ የለውም የሚል እምነት አላቸው፣ ለምግብ ቤት መቼም እንዲህ ያለ እምነት ይመቻል። በዚያ ሌሊት ዳንጎው 13 ይሆናል፤ ከጎኑ ቼስትነት የሚባል የዛፍ ፍሬና ባቄላ ይቀርባል። ቼስትነት እዚህ የለም፤ የባቢሌ ኦቾሎኒ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ቢቀርብ ማንም አያኮርፍም፣ ነግሬያታለሁም። ጨረቃዋ በዚያ ቀን ስላልሞላች ቀደም ብላ ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ በ1 ሰዓት መግባቱ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል።

እሄዳለሁ። የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ምሥራቁን የሚያይ ጠረጴዛ ጠይቁ፣ ከማከፋፈያው ፊት ያለውን ያዙ። ደረጃው ጠባብ ነው፣ መያዣውም በአንድ ጎን ብቻ ነው ያለው፣ እናቶቻችሁን ደግፉ። የኦሳካውን ዳንጎ ከኡዶኑ በፊት እዘዙ፣ ያልቃል። ክፍያው በቴሌብርም በጥሬም ነው፤ በጥሬ የምትከፍሉ ግን 50 ብር መልስ የላቸውም፣ ዝርዝር ይዛችሁ ውጡ።